ስለ ድምፅ ማጉያ የጎማ ጠርዝ መሰንጠቅና ስለ አጠጋገኑ

በዚህ ገጽ ስለ ቤት ዕቃ አጠባበቅ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ስንጽፍ ቆይተናል። ስለ ምንጣፍና ስለ መጋረጃ፥ ስለ መብራትና ስለ ግድግዳ ሰዓት ከተናገርን ዘንድ፥ በብዙ ቤት ከሳሎኑ ማዕዘን ሁለት ሆነው እንደ ዘበኛ ስለሚቆሙት የድምፅ ማጉያ ሣጥኖች ሳንናገር ብናልፍ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ሣጥኑ አይደለም፤ በሣጥኑ ፊት ባለው ክብ ነገር ዙሪያ ስላለችው ስለ ጎማዋ ጠርዝ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚች ጠርዝ መሰንጠቅ ምክንያት ስንት ደኅና ዕቃ ከቤት ወጥቶ እንደ ተጣለ፥ ስንቱም ለቆራሌው በርካሽ እንደ ተሰጠ ብናስበው ሊቈጨን የሚገባ ነው።

ድምፅ ማጉያ ስንል ብዙ ሰው ስፒከር የሚለውን ነው። አሠራሩን ሳያውቁ ለጥገና እጅን መስደድ ጉዳት ስለሚያመጣ፥ አስቀድመን ባጭሩ እንግለጠው። በፊቱ እንደ ተገለበጠ የመሶብ ክዳን ሆኖ ወደ ውስጥ የጎደጎደው ነገር ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን ኮን ይባላል። ከኮኑ ጀርባ በስስ ቱቦ ላይ የተጠመጠመ የሽቦ ጥቅል አለ፤ ይህም ጥቅል በማግኔቱ መካከል ባለ እጅግ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ተንጠልጥሎ ይኖራል። የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦው በተመላለሰ ጊዜ ጥቅሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ኮኑንም ይዞት ስለሚሄድ አየሩ ይገፋል፥ ጆሯችንም ድምፅ ይሰማል። ይህን አሠራር ዛሬ በምናውቀው መልክ ያወጡት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ናቸው። ሥራቸውን የገለጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን ቢያልፍም መሠረቱ አልተለወጠም።

ኮኑ ግን በባዶ አየር ላይ የሚቆም አይደለም። በኋላው በኩል ተሸብሽቦ በተሠራ ጨርቅ፥ በፊቱ በኩል ደግሞ በዳሩ ዙሪያ በሚዞር ለስላሳ ቀለበት ከብረቱ ክፈፍ ጋር ተያይዟል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የጎማ ጠርዝ የምንለው ይህን የፊቱን ቀለበት ነው። ከበሮ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ከከበሮ ጋር እንዳያመሳስለው እናሳስባለን። የከበሮ ድምፅ የሚያምረው ቆዳው በጠፍር ተወጥሮ ሲጠና ነው፤ ለድምፅ ማጉያ ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ፥ ኮኑ እንደ ልቡ እንዲመላለስ ጠርዙ ልል መሆን ይገባዋል። ልል ነው ማለት ግን ስድ ነው ማለት አይደለም፤ ኮኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንጂ ወደ ጎን እንዳይሄድ ከኋላው ጨርቅ ጋር የሚገታው እርሱ ነውና። በጥቅሉና በማግኔቱ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፥ ኮኑ በጥቂቱ እንኳ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ እንደ ሆነ ሽቦው ብረቱን ይፍቃል፤ ሲውል ሲያድርም ተልጦ ይቃጠላል። ከዚህም በቀር ከኮኑ መካከል ተነሥቶ ወደ ዳር የሚደርሰውን ንዝረት ጠርዙ እየዋጠ ያስቀረዋል። ባይውጠው ኖሮ ንዝረቱ ተመልሶ ከሚከተለው ጋር እየተጋጨ ድምፁን ያደፈርሰው ነበር።

በቀድሞው ዘመን በተሠሩ ራዲዮኖች የኮኑ ወረቀት ራሱ በዳሩ እየተሸበሸበ በጠርዝ ፈንታ ያገለግል ነበር፤ በሌሎችም ዘንድ ሙጫ ነገር የተቀባ ጨርቅ ይደረግ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ግን ኤድጋር ቪልቸር የተባለው አሜሪካዊ ከሄንሪ ክሎስ ጋር አኮስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ፥ ሣጥኑ ፈጽሞ ተዘግቶ በውስጡ የታሰረው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ኮኑን የሚመልስበትን አሠራር አወጣ። ከዚህ በኋላ ትንሽ ሣጥን ወፍራም ድምፅ ማውጣት ቻለ፤ ለዚህም አየር የማያሳልፍና እጅግ የሚታጠፍ ጠርዝ አስፈለገ። ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ ስፖንጅ፥ አንዳንዱ ጎማ መረጠ። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ሬይመንድ ኩክ ያቋቋሙት ኬፍ የተባለው ኩባንያ ኒዮፕሪን ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ጠርዝ ያለው ቢ110 የተባለ ድምፅ ማጉያ ሠርቶ ነበር፤ ቢቢሲም ለራሱ ሠራተኞች መስሚያ ባዘጋጀው ኤል ኤስ 3/5ኤ በተባለው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይህንኑ አገባው። ከዚያ ዘመን ሣጥኖች ጎማቸው ሳይነካ ዛሬም የሚያገለግሉ አሉና፥ ዕድሜ ብቻውን ጎማን ይገድለዋል ማለት አይቻልም።

የስፖንጁ ዕጣ ግን ሌላ ነው። ስፖንጅ ሀያ ዓመት ገደማ ሲሞላው ከአየሩ እርጥበትና ከኦክሲጅን የተነሣ ውስጥ ውስጡን ይበሰብስና፥ በጣት የነኩት እንደ ሆነ እንደ አመድ ይፈርሳል፥ ወይም እንደ ቅራሪ ሙጫ ይጣበቃል። እንዲህ የሆነውን መለጠፍና መጣፍ ከንቱ ድካም ነው፤ መድኃኒቱ መላውን ቀለበት መለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጠርዙ ከምን እንደ ተሠራ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ጎማው ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ፥ ሲነኩትም ቀዝቀዝ የሚል ነው፤ ስፖንጁ ግን በብርሃን ሲያዩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታዩበታል፤ የጨርቁም ድርና ማግ ከቅባቱ ሥር ይለያል።

ጎማው ታዲያ ስለ ምን ይሰነጠቃል? ጎማ በመጀመሪያ በብራዚል አገር ከሚበቅል ዛፍ የሚንጠባጠብ ወተት መሰል ነገር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ ከድኝ ጋር በእሳት ሲያግሉት በሙቀት የማይቀልጥ፥ በብርድም የማይሰበር መሆኑን ደረሰበት። ነገር ግን የጎማው ሥሪት እንደ ረዥም ፈትል በተያያዙ ጥቃቅን ክፍሎች የቆመ ስለ ሆነ፥ በአየር ውስጥ የሚገኘው ኦዞን የተባለው ጋዝ እየገባ ፈትሉን ይበጥሰዋል። ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ስንጥቁ ዘወትር የሚጀምረው ጎማው ተወጥሮ ወይም ታጥፎ ከሚኖርበት ቦታ ነው፤ ስንጥቆቹም ውጥረቱን አቋርጠው እንጂ ከውጥረቱ ጋር ትይዩ ሆነው አይሄዱም። በዚህም ላይ የፀሐይ ብርሃን ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተሠራች ስለ ሆነች፥ የፀሐይዋ ጨረር ከቆላው አገር ይልቅ ይበረታል፤ ስለዚህ በመስኮት አጠገብ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ የሚኖር ሣጥን በጨለማ ጥግ ከቆመው ወንድሙ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ከሁለቱ ሣጥኖች አንዱ ብቻ ተሰንጥቆ ሲገኝ ሰው ዕቃው ሲሠራም ጉድለት ነበረበት ይላል፤ መስኮቱን ግን አይመለከትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. የተገኘው ኒዮፕሪንና በ1937 ዓ.ም. የተገኘው ቡቲል የተባለው ጎማ ኦዞንን ከዛፉ ጎማ ይበልጥ ይቋቋማሉ፤ ቢሆንም በጊዜ ብዛት መድረቃቸው አልቀረም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ክፉ ልማድ ሳንናገር አናልፍም። በአገራችን ቆዳ ሲደርቅ ቅቤ መቀባት የቆየ ጥበብ ነው፤ ለኮርቻውም፥ ለአጎዛውም፥ ለጠፍሩም መልካም ነው። ከዚህም የተነሣ የድምፅ ማጉያው ጎማ ሲደርቅ ቅቤ፥ ቫዝሊን ወይም የሞተር ዘይት የሚቀባ ሰው አይጠፋም። ጎማ ግን ቆዳ አይደለም። የዛፍ ጎማ ዘይት የጠጣ እንደ ሆነ ያብጣል፥ ይላላል፥ ጥንካሬውንም ያጣል፤ ከዚያም በላይ ቅባት በተነካ ጎማ ላይ ማናቸውም ማጣበቂያ አይዝም። ለሦስት ቀን ያማረ መስሎ ይታይና በአራተኛው ወር የባሰ ይሆናል። በመኪና ጎማ ላይ የሚረጨው የሚያብለጨልጭ ፈሳሽም ከዚሁ የሚቈጠር ነው።

የነገሩን ክብደት ለማስረዳት በቅርብ የምናውቀውን አንድ ቤት እንጥቀስ። ባለቤታቸው ካረፉ ብዙ ዘመን የሆናቸው አንዲት ዘመዳችን ወይዘሮ አሉ። ሟቹ በሕይወት ሳሉ ለልጆቻቸው የዘር ሐረጋቸውንና የአባቶቻቸውን ታሪክ በቃላቸው እየተናገሩ በካሴት ቀርጸው ነበር፤ ወይዘሮዋም በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ያን ካሴት እያስከፈቱ መስማት ልማዳቸው ነው። የሟቹ ድምፅ ወፍራም ነበር፤ የወይዘሮዋም ጆሮ በዕድሜ ደክሟል። እነሆ ባለፈው ዓመት የአንደኛው ሣጥን ጎማ ተሰነጠቀና በየቃሉ ላይ እንደ ዝንብ የሚጮህ ነገር እየተጨመረ ንግግሩ አልለይ አለ። ልጃቸው «እማዬ፥ ይህስ አርጅቷል፤ አዲስ ልግዛልዎ» ቢላቸው፥ «አዲሱን ለቤትህ ግዛ ልጄ፤ እኔ የምሻው በለመድሁት መስማት ነው» ብለው መለሱለት። ልጁም ሣጥኑን ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙ ቸኵሎ ኖሮ በቅጽበት የሚደርቀውን ጠንካራ ማጣበቂያ በስንጥቁ ላይ አፈሰሰበት። ዕቃው ወደ ቤት ሲመለስ ለሁለት እሑድ ደኅና ነበር፤ በሦስተኛው ግን ድንጋይ ከሆነው ማጣበቂያ ግራና ቀኝ ጎማው እንደ ገና ተቀደደ፤ ኮኑም አዘመመና ሽቦው መፋቅ ጀመረ።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጥ ነው። ጎማው በየደቂቃው ብዙ ሺህ ጊዜ የሚታጠፍ ነገር ሲሆን፥ በመካከሉ የማይታጠፍ ነገር ያገባንበት እንደ ሆነ ድካሙ ሁሉ በማይታጠፈው ዳርና ዳር ላይ ይወድቃል። የብራና መጽሐፍ የጠገነ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የተቀደደ ቅጠል በስስ ብራና ይጣፋል እንጂ በወፍራም ቆዳ አይጣፍም፤ በወፍራም የተጣፈ እንደ ሆነ ገጹ በተገለጠ ቍጥር ከጥፈቱ አጠገብ ይቀደዳልና። እንግዲህ ጣፊው ነገር ከሚጣፈው ይልቅ ሊለሰልስ እንጂ ሊጠነክር አይገባውም። ለመታጠቢያ ቤት ስንጥቅ የሚደረገውን ሲሊኮንም ለዚህ ሥራ አንመርጥም፤ ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዐይነት ብረትንና መዳብን ይጎዳል፥ አንድ ጊዜም የተቀባበት ቦታ ሌላ ማጣበቂያ እንደ ገና አይቀበልም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከፍርድ አስቀድሞ ምርመራ ይገባልና ዕቃውን ከመንካታችን በፊት እንመርምረው። ሣጥኑ ፈጽሞ የተዘጋ ዐይነት የሆነ እንደ ሆነ፥ ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶች ከመካከሉ ግራና ቀኝ እኩል አድርጎ በዝግታ መግፋትና መልቀቅ ነው። ጤነኛው ቀስ እያለ ይመለሳል፤ አየር የሚያስወጣ ስንጥቅ ያለበት ግን ወዲያው ይመለሳል። በዚሁ ጊዜ ጆሮን አስጠግቶ የመፋቅ ድምፅ እንዳለ ማድመጥ ያስፈልጋል። የሚፋቅ ከሆነ ጉዳቱ ከጎማው አልፏል ማለት ነው። ሌሊት መብራት አጥፍቶ ከተነቀለው ድምፅ ማጉያ ኋላ ትንሽ ባትሪ ያበሩ እንደ ሆነም፥ በቀን የማይታየው ስንጥቅ እንደ ክር ሆኖ ያበራል። በዛሬ ጊዜ ደግሞ የእጅ ስልክ ከ30 እስከ 40 ኸርዝ የሚሆን ወፍራም ድምፅ ማውጣት ስለሚችል፥ ያን በዝቅተኛ ኃይል ከፍቶ የሚንጣጣውን ቦታ ማግኘት ቀላል ሆኗል። ከዚህም ጋር የሽቦውን ጥቅል በቴስተር መለካት ይገባል፤ በጀርባው 8 ኦም የተጻፈበት ጥቅል ጤነኛ ሲሆን 6 ያህል ያሳያል። ምንም የማያሳይ ከሆነ ሽቦው ተበጥሷልና በጎማው ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ድምፅ ማጉያውን ከሣጥኑ ለመንቀል አስቀድሞ ከኤሌክትሪክ መለየት ግዴታ ነው። በተለይ በመብራት አምፑል መሰል ቱቦ የሚሠሩትን የጥንት ራዲዮኖች ከግድግዳው ከተነቀሉም በኋላ ሰውን የሚገድል ኃይል በውስጣቸው ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፥ ከነርሱም በአንዳንዶቹ በራሱ በድምፅ ማጉያው ውስጥ ይኸው ብርቱ ኃይል ስለሚያልፍ፥ ለባለሙያ እንጂ ለቤተ ሰብ የሚተው ሥራ አይደለም። ለሌላው ግን ካቻቢቴና ትዕግሥት ይበቃል። ካቻቢቴው ወደ ማግኔቱ በቀረበ ጊዜ ማግኔቱ ከእጅ ነጥቆ ኮኑን እንዲበሳው የሚያደርግ ኃይል አለውና፥ አንድ እጅ ዘወትር በኮኑና በካቻቢቴው መካከል ይሁን። የብረት ፍቅፋቂ ባለበት ጠረጴዛም ላይ አይሠራም፤ አንዲት የብረት ብናኝ ወደ ክፍተቱ ከገባች ለማውጣት የሚያስቸግር ነውና። የትኛው ሽቦ በየትኛው ጫፍ እንደ ነበረ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥም አይረሳ፤ በአንደኛው ሣጥን ብቻ ተገላብጦ የታሰረ እንደ ሆነ አንዱ ኮን ሲወጣ ሌላው እየገባ ወፍራሙን ድምፅ እርስ በርሳቸው ያጠፉታል። የተጠራጠረ ሰው የ1.5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት ቢያስነካው፥ የድንጋዩ የመደመር ምልክት ያለበት ጫፍ ከቀዩ ጋር ሲገናኝ ኮኑ ወደ ውጭ ብቅ ሊል ይገባዋል።

ጎማው ገና የሚታጠፍና ለስላሳ ሆኖ አንድ ወይም ሁለት ስንጥቅ ብቻ ያለበት ከሆነ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ፈጥኖ መጣፍ ይጠቅማል። ጎማውን በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና ማጠብ፥ ከደረቀም በኋላ ሐኪም ቤት በሚገኘው አልኮል በጥጥ ማበስ ያስፈልጋል። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ግን ወደዚህ አይቅረቡ፤ ጎማውን ያሳብጡታል፥ ኮኑም ከፕላስቲክ የተሠራ እንደ ሆነ ያቀልጡታል። ቀጥሎ በስንጥቁ ዙሪያ ከኋላ በኩል እጅግ በደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሻከር ነው፤ የሚያብለጨልጭ ጎማ ማጣበቂያን አይወድም። መጣፊያውም ከስስ ሐር ወይም ከአሮጌ የሴት ናይለን ካልሲ ይቈረጣል፤ ከስንጥቁ በየወገኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እንዲተርፍ ይሁን፥ ማዕዘኖቹም ክብ ይሁኑ፤ ሹል ማዕዘን ከሁሉ ቀድሞ ይላቀቃልና።

ማጣበቂያውን በተመለከተ ለጀማሪ የምንመርጠው በውኃ የሚሟሟውን የጎማ ወተት ማጣበቂያ፥ ማለት ለጨርቅና ለምንጣፍ የሚሸጠውን ነው፤ ሲደርቅም እንደ ጎማ እየተለጠጠ ይኖራል፥ ለማስተካከልም ጊዜ ይሰጣል። ጫማ ሰፊዎችና ጎሚስታዎች የሚሠሩበት ማስቲሽም ይታጠፋል፤ ነገር ግን ሁለቱ የተቀቡ ፊቶች በተነካኩ ቅጽበት ስለሚያያዙ እጁ ላልጸና ሰው አያመችም፤ የፕላስቲክ ኮንንም ሊበላ ስለሚችል በማይታይ ቦታ በጥቂቱ መፈተን ይገባል። የትኛውም ቢሆን በስሱ ይቀባል፥ ጨርቁ ይለጠፋል፥ በጣት ጫፍ ከመካከል ወደ ዳር እየተዳበሰ አየሩ ይወጣለታል። ኮኑ በዚህ ጊዜ በተፈጥሮ ማረፊያው ላይ መሆን አለበት፤ ተገፍቶ ሳለ የተጣፈ ጎማ ተገፍቶ ይቀራል። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይነካ ከቆየ በኋላ አየር እንዳያሳልፍ ሁለተኛ ስስ ቅብ ይጨመርበታል። በዚህ ላይ ማብዛት አይጠቅምም፤ በአንድ ወገን የበዛ ማጣበቂያ ኮኑን ያከብደውና ያዘነብለዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጎማው ሳይሰነጠቅ ከኮኑ ወይም ከብረቱ ክፈፍ ተላቅቆ ብቻ ይገኛል። ይህ ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ኮኑ ወረቀት ከሆነ የአናጢ ነጭ ኮላ በቀጭን ብሩሽ አግብቶ ማያያዝ ይበቃል።

ነገር ግን ጎማው ዙሪያውን እንደ ደረቀ እርሻ መሬት ተሰነጣጥቆ፥ ሲያጥፉትም የማይታዘዝ የሆነ እንደ ሆነ መጣፉ ቀርቶ መላውን መለወጥ ያስፈልጋል። ጎማው ከደረቀ ስንጥቁ ቢደፈንም ኮኑ በሚገባ አይመላለስም፥ ወፍራሙም ድምፅ ይጎድላል። አዲሱን ቀለበት ለማዘዝ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን መጠን ማመን አይበቃም፤ የክፈፉን ውጫዊ ስፋት፥ የጎማውን ሽብልል የውጭና የውስጥ ዳር፥ የኮኑንም ስፋት በሚሊሜትር መለካት ነው። ጎማ የነበረውን በጎማ እንጂ በስፖንጅ አንለውጥም። አንዱ ብቻ የተሰነጠቀ ቢሆን እንኳ የሁለቱም ሣጥኖች ይለወጡ፤ አዲስና አሮጌ ጎማ አንድ ዐይነት አይታጠፉምና ሁለቱ ሣጥኖች ከዚያ በኋላ አይስማሙም።

አሮጌው ጎማ በስለትና በአልኮል እየተለሰለሰ ከተነሣ በኋላ፥ የአዲሱ የውስጥ ዳር አስቀድሞ ከኮኑ ጋር ይጣበቅና እስኪደርቅ ይቆያል። ከዚያ የውጭው ዳር ከክፈፉ ጋር ይያያዛል። ትልቁ ጥበብ በዚህ ላይ ነው፤ የሽቦው ጥቅል በማግኔቱ ክፍተት መካከል በትክክል መቆም አለበትና። የሚጠነቀቁ ባለሙያዎች በኮኑ መካከል ያለችውን የአቧራ ክዳን ቈርጠው ያነሡና፥ በጥቅሉና በመካከለኛው ብረት መካከል በዙሪያው ስስ የወረቀት ቁራጮች ሰክተው ኮኑን ያስተካክሉታል፤ የውጭው ዳር ሲደርቅ ቁራጮቹን አውጥተው ክዳኗን መልሰው ይለጥፋሉ። ክዳኗን መቍረጥ የማይፈልግ ደግሞ ማጣበቂያው ገና ሳይይዝ ኮኑን በጣቶቹ እያመላለሰ የመፋቅ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ጎማውን ወዲህና ወዲያ ያስተካክላል። ሁለተኛው መንገድ ፈጣን ነው፤ እኛ ግን ለውድ ዕቃ የፊተኛውን እንመርጣለን።

ከላይ የጠቀስናቸው ወይዘሮ ዕቃ በመጨረሻ የዳነው እንዲህ ነው። ልጃቸው ሌላ ትዕግሥተኛ ሰው አግኝቶ፥ ድንጋይ የሆነው ማጣበቂያ በብዙ ድካም ከኮኑ ዳር ተፍቆ ወጣ፤ ወረቀቱም በአንድ ስፍራ ስለ ተቀደደ በስስ ወረቀትና በኮላ ተጣፈ። የሁለቱም ሣጥኖች ቀለበት ከውጭ አገር እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ሽቦው እምብዛም አልተላጠም ነበርና በዚህ ተረፈ። አዲሱ ጎማ መጀመሪያ ጠንከር ስለሚል ድምፁ ለጥቂት ሳምንት ቀጠን ብሎ ነበር፤ ወይዘሮዋም «ጉንፋን ይዞታል» አሉ ይባላል። አሁን ግን በየእሑዱ ይሰማሉ። ለጥገናው የወጣው ገንዘብ አዲስ ትንሽ ሣጥን ይገዛ እንደ ነበር ልጁ አልሸሸገንም፤ ይህንም የምንጽፈው ጥገና ሁልጊዜ ርካሽ ነው ብለን አንባቢውን እንዳናታልል ነው። ተራ ሣጥን፥ ይልቁንም ኮኑ የነተበና ሽቦው የተቃጠለ፥ ቢለወጥ ይሻላል። የእንጨቱ ሥራ ያማረ፥ ማግኔቱ የከበደ፥ በቤቱም ታሪክ ያለው ግን ወጪው አይቈጭም።

ለጥበቃው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ሣጥኑ ከፀሐይና ከከሰል ምድጃ ይራቅ፤ የፊቱ ጨርቅ ልጆች ጣት እንዳይሰድዱበት ሳይነሣ ይኑር። አቧራ የሚጠረገው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ነው። ዕቃው ለብዙ ወራት ሳይከፈት የሚኖር ከሆነ በወር አንድ ጊዜ በዝቅተኛ ድምፅ ግማሽ ሰዓት ያህል ማሠራት ጎማው በአንድ ቅርጽ እንዳይደርቅ ይረዳል። በጥቅምትና በየካቲት መካከል፥ አየሩ በሚደርቅበት ወራት፥ አንድ ጊዜ ጨርቁን ገልጦ ጎማውን በመብራት መመልከት ደኅና ነው።

ካሴቶቹም ራሳቸው በዕድሜ የሚጎዱ ስለ ሆኑ፥ የአባቶችን ድምፅ ከአሮጌ ካሴት ወደ ሌላ ስለ መገልበጥ በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጽ እንጽፋለን።